«አሠራሩን አይጀምሩ» ያልኩ ዕለት

ስልኩ የተደወለልኝ ቅዳሜ ጠዋት ነው። «ልጄ፣ ቤቱ እኮ ቆመ! ና እየው» አሉኝ ጋሼ። ደስታቸው በድምፃቸው ያስታውቃል። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ።

ከመነሻው ልንገራችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። አብዛኛው ሥራዬ ሆስፒታልና ፍርድ ቤት ነው። ግብርና ቢሮ ስጠራ በእሳቸው ጉዳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሼ የጎጃም ሰው ናቸው። ዲሲ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ባጠራቀሙት ገንዘብ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል ርቆ በሚገኝ ገጠር ካውንቲ 11 ኤከር መሬት ገዙ። የሐበሻ ጎመን፣ ቃሪያና ድንች እያመረቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ የሐበሻ ሱቆች ያስረክባሉ። ያስቸገራቸው ውርጭ ነው። ኦክቶበር ሲጋመስ ቃሪያው በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ስለዚህ በብረት ቅስት ላይ ፕላስቲክ የሚወጠርበት ቤት፣ እዚህ ሃይ ተነል የሚሉትን፣ ለመሥራት የመንግሥት ድጋፍ እንዳለ ሰሙ።

ድጋፉ እውነት ነው። ኢኩዊፕ ይባላል። ግን በሩን ማግኘት ያደናግራል። ግብርና ሚኒስቴሩ በካውንቲው ያለው አንድ ሕንፃ ነው፤ ውስጡ ግን ሁለት መሥሪያ ቤት አለ። ኤፍኤስኤ የሚባለው የእርሻ ቁጥር ይሰጣል፣ ብድርም የሱ ነው። ኤንአርሲኤስ የሚባለው ደግሞ አፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ ይሠራል፣ ኢኩዊፕም ያለው እዚያ ነው። የእርሻ ቁጥር ሳይኖርህ ወደ ሁለተኛው ብትሄድ ወደ መጀመሪያው ይመልሱሃል። እኛም እንደዚያው ተመላለስን። ቁጥሩን ይዘን ስንቀመጥ የኤንአርሲኤስ ባለሙያዋ መሥሪያ ቤታቸው የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1935 መሆኑን፣ ያኔ ነፋስ የሜዳውን አፈር ጠራርጎ ይወስድ እንደነበር ነገረችን። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ ነፋስ፣ እኛ አገር አባይ» አሉ።

ከዚያ «ጀማሪ ገበሬ» የሚለው ቃል መጣ። በራሱ ኃላፊነት እርሻ ማካሄድ ከጀመረ 10 ዓመት ያልሞላው ሰው በዚህ ስም ይመዘገባል፤ ለእሱም ይጠቅመዋል፤ ከሥራው ወጪ መንግሥት የሚከፍለው ድርሻ ከተለመደው 75 በመቶ እስከ 90 ሊደርስ ይችላል። ጋሼ ግን ከፋቸው። «እኔ ጀማሪ? ሞፈርና ቀንበር ስር አይደል እንዴ ያደግሁት?» አሉ። ይሄን ለማስረዳት ብዙ ደቂቃ ፈጀሁ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዓረፍተ ነገር በጥድፊያ አለፍኩት። ጥፋቴ እዚያ ላይ ነው።

ባለሙያዋ ያለችው «ውሉ ሳይፈረም ፕራክቲሱን እንዳይጀምሩ» ነው። እኔ ደግሞ «ውሉ ሳይፈረም አሠራሩን አይጀምሩ» አልኩ። ሰዋስዉ ልክ ነው። ግን በዚያ ቢሮ ቋንቋ ፕራክቲስ ማለት አሠራር አይደለም። ራሱ የሚሠራው ነገር ነው፤ የፕላስቲክ ቤቱ፣ የጠብታ መስኖው፣ አፈር ለማልበስ የሚዘራው ሰብል። እያንዳንዳቸው የኮድ ቁጥር አላቸው። የፕላስቲክ ቤቱ 325 ነው። አላወቅሁም፣ አልጠየቅሁምም።

ቅዳሜውኑ ነድቼ ሄድኩ። 30 በ72 ጫማ የሆነ ቤት፣ ፕላስቲኩ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ቆሟል። ወደ 9 ሺህ ዶላር አውጥተውበታል። ከፊሉ በክሬዲት ካርድ ነው። ውስጥ ገባሁ። አፈሩ ተደልድሎ ተበጥሯል። አንድ ቅጠል የለበትም።

«አየኸው? አንድ ችግኝ አልነካሁም። አሠራሩን አልጀመርኩም» አሉኝ።

የጎመን ችግኞቹ ውጭ፣ አጥሩ ጥግ፣ በሳጥን ተደርድረው ነበር። ሌሊቱ ስለቀዘቀዘ በአሮጌ ጋቢ ሸፍነዋቸዋል። ጋቢው ላይ ጤዛው አልደረቀም። እኔ ያልኩትን ቃል በቃል ነው ያከበሩት። ቤቱን ሠርተው፣ ማልማቱን ለውሉ አቆዩት።

ሰኞ ቢሮው ስንሄድ ጥፋቱ የኔ መሆኑን በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ። ባለሙያዋ አዘነች፤ ግን ከእጇ አልፏል። ከውል በፊት የተጀመረ ነገር አይከፈልበትም። የተለየ ፈቃድ ቢኖርም መጠየቅ ያለበት ሥራው ሳይጀመር ነው። በመኪና ስንመለስ ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የታክሲ ሰው ስለሆኑ ዝምታቸውም መንገድ እያዩ ነው። በመጨረሻ «ታዲያ አሁን ችግኙን ልትከለው?» አሉኝ። «ይትከሉት ጋሼ» አልኩ። ሌላ የምለው አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ለወጥኩ። ቃሉን ካላወቅሁት ንግግሩን አስቆሜ እጠይቃለሁ። አስተርጓሚ ይህን ማድረግ መብቱ ነው፣ እኔ ግን የማላውቅ እንዳልመስል እፈራ ነበር። «ብቁ» እና «ተፈቅዷል» የሚሉትን አላቀላቅልም። ከመውጣታችን በፊትም ገበሬው የገባውን በራሱ ቃል እንዲመልሰው ባለሙያዋን አስጠይቃለሁ። ሪሲት ፎር ሰርቪስ የሚባለውን ወረቀትም ሳንይዝ አንወጣም። ምን እንደጠየቅን፣ ምን እንደተባልን የሚያሳይ ጽሑፍ ነው፤ ቤት ወስዶ በእርጋታ ለልጅ ማስነበብ ይቻላል።

ጋሼ ተስፋ አልቆረጡም። ለጠብታ መስኖና ክረምት አፈር ለሚያለብስ ሰብል እንደገና አመለከቱ። ማመልከቻ ዓመቱን ሙሉ ይቀበላሉ። የሚወዳደረው ግን በተወሰነ ቀን ተሰብስቦ ስለሆነ ቀኑን መጀመሪያ ጠየቅን። አሁን ጥያቄ የሚያበዙት እሳቸው ናቸው። «ቱቦውን መግዛትስ? ቦይ መቆፈርስ?» ባለሙያዋ ለሁሉም «ይጠብቁ» አለች። እኔም «ቱቦ አይግዙ፣ አካፋ አያንሱ» ብዬ አስተረጎምኩ።

በዓመቱ ወረቀቱ መጣ። ለጀማሪ ገበሬ እንደሚፈቀደው የክፍያውን ግማሽ በቅድሚያ ጠይቀው ነበር፣ እሱም ተካቷል። ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና ጣታቸውን የመጨረሻው ገጽ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ብቁ ነህ የሚለው ነው ወይስ ውሉ?»

የመሥሪያ ቤቱን ፊርማና ቀኑን አሳየኋቸው። ቀኑን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ተነስተው አካፋቸውን ፍለጋ ወጡ።