ትርታው እያለ የሚሞት ጡንቻ

ልጁ 7 ዓመቱ ነው። ከማንጎ ዛፍ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ያዘ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ግራ ክርኑ አብጦ ድንገተኛ ክፍል ደረሰ። ራጁ ያሳየው በዚህ ዕድሜ የተለመደውን ስብራት ነው፦ ሂዩመረስ የሚባለው የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ከፍ ብሎ ተሰብሮ፣ የታችኛው ቁራጭ ወደ ኋላ ተንጋዷል።

አጥንቱ እዚያ ቦታ ላይ ከፊትም ከኋላም ጎድጓዳ ነው፤ መሃሉ ስስ ነው። ልጅ በተዘረጋ እጁ ሲወድቅ አልና የሚባለው የታችኛው ክንድ አጥንት ጫፍ የኋላውን ጎድጓዳ እንደ ሽብልቅ ይገፋውና ይሰብረዋል። ያኔ የላይኛው ቁራጭ ሹል ጫፍ ወደ ፊት ይወጣል፤ ከፊቱ ደግሞ ብራኪያል የሚባለው ደም ቅዳና ሚዲያን ነርቭ ጎን ለጎን ያልፋሉ።

ማታ አጥንቱ ተስቦ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ራጁም ያማረ ነበር። ሽቦ የሚያስገባ የአጥንት ሐኪም እስከ ጠዋት ስለማይገኝ፣ እንዳይንሸራተት ተብሎ ክርኑ ወደ 110 ዲግሪ ታጥፎ ዙሪያውን ሙሉ ጀሶ ተጠመጠመበት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ እሱም ሁለት ነው። ያበጠ ክርን ከ90 ዲግሪ በላይ ሲታጠፍ ደም ሥሮቹ ይጨመቃሉ። እብጠቱ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት ውስጥ ገና ይጨምራል፤ የተዘጋ ጀሶ ግን አይለጠጥም። በቀርከሃ አጥብቆ ያሰረ ወጌሻ ሲገጥመን እንቆጣለን፤ ለጡንቻው ግን የወጌሻ ቀርከሃም የሐኪም ጀሶም ልዩነት የላቸውም።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ልጁ አለቀሰ፤ ፓራሲታሞል ተሰጠው። ሰዓት ሳይሞላ እንደገና አለቀሰ። የክትትል ሉሁ ላይ ሁለቴም የተጻፈው «ጣቶቹ ሞቃት፣ ትርታ አለ» የሚል ነው። የተጻፈው እውነት ነበር፤ ያሳሳተውም እሱው ነው። የልጁ ደም ግፊት 100 በ60 ነው እንበል። በክንዱ የጡንቻ ክፍል፣ ማለትም ጡንቻዎቹን በከበበው የማይለጠጥ ሽፋን ውስጥ ያለው ግፊት 35 ወይም 40 ሲደርስ ጡንቻውን የሚመግቡት ጥቃቅን ደም ሥሮች ይታፈናሉ። በ100 የሚገፋው ትልቁ ደም ቅዳ ግን በዚያው መሃል አልፎ አንጓው ላይ ይመታል። ከታችኛው የደም ግፊት ቁጥር ላይ የክፍሉ ግፊት ሲቀነስ ከ30 በታች ከሆነ አደጋ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ትርታ እስኪጠፋ የጠበቀ ሰው ዘግይቷል።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተረኛዋ ነርስ ትርታውን ለክታ አልሄደችም። «ማሙሽ፣ ጣትህን ቀስ ብዬ ልዘርጋው?» አለችና ከጀሶው የወጡትን ጣቶች አንድ በአንድ ወደ ላይ ዘረጋች። መንካቷን የታገሠ ልጅ የመሃል ጣቱ ሲዘረጋ ጮኸ። ጣት የሚያጥፉት ጥልቅ ጡንቻዎች ከአጥንቱ አጠገብ ያሉ ስለሆኑ ቀድመው የሚታፈኑት እነሱ ናቸው፤ የታፈነ ጡንቻ ሲወጠር ያማል።

«ዶክተር፣ ትርታ አለው፤ ግን ጣቱን ስዘረጋው ይጮኻል። ማስታገሻውም አልያዘለትም።»

«ጀሶውን ክፈቺው፤ እየመጣሁ ነው።»

ጀሶው በሁለቱም ጎን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ተሰነጠቀ። ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል፤ ከሥሩ ያለው ጥጥ ግን ደም ጠጥቶ ሲደርቅ እንደ ጀሶው ይጠነክራል። ስለዚህ ጥጡም ቆዳ እስኪታይ በመቀስ ተቀደደ። ክርኑ ወደ 40 ዲግሪ ተላላ፤ ክንዱ በትራስ ላይ ከልብ ትክክል ተቀመጠ። ከዚያ በላይ አይሰቀልም፤ ወደ ጡንቻው የሚሄደው የደም ግፊት ይቀንሳልና። ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለው ቀጥታ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብቶ የጡንቻው ሽፋን ሊከፈት ተወሰነ። በ20ኛው ደቂቃ ጣቶቹ ያለ ጩኸት ተዘረጉ።

አጥንቱ ተንሸራቶ ነበር። ጠዋት እንደገና ተስቦ ከውጭ በኩል 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት ባላቸው ሁለት ሽቦዎች ተያዘ፤ ከኋላ ብቻ ግማሽ ጀሶ ተደረገለት። የሌሊቱ መዘግየት 6 ሰዓት ቢያልፍ ጡንቻው ሞቶ ወደ ጠባሳ መለወጥ ይጀምር ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ፎልክማን በ1881 የገለጸው የታጠፈ አንጓና የጥፍር ቅርጽ የያዘ እጅ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ጠዋት ሌላ ነገር ታየ። «በአውራ ጣትህና በጠቋሚ ጣትህ ክብ ሥራ» ሲባል ልጁ የሠራው ክብ ሳይሆን ጠፍጣፋ ቁንጥጫ ነው፤ የሁለቱም ጣቶች የጫፍ መገጣጠሚያ አልታጠፈም። ይህ ከሚዲያን የሚገነጠለው የፊተኛ ኢንተርኦሲየስ ነርቭ ጉዳት ነው። ነርቩ ለቆዳ ስሜት ስለማይሰጥ ጣት እየነኩ «ይሰማሃል?» ማለት አያገኘውም። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይድናል፤ የዚህም ልጅ ክብ በ10ኛው ሳምንት ክብ ሆነ። ነገር ግን ማታ ሲገባ «ነርቭ ደህና» ተብሎ ተጻፈ እንጂ «ክብ ሥራ» ያለው ሰው አልነበረም። ነርቩ የተጎዳው በመውደቁ ይሁን፣ አጥንቱ ሲሳብ ወይስ በጀሶው ውስጥ፣ እናቱ ስትጠይቅ የሚመልስላት አልተገኘም።