ካርዱ ላይ «ሰክሯል» ብዬ ጻፍኩ

ኢንተርን በነበርኩበት ዓመት ነው። ቅዳሜ ሌሊት፣ ድንገተኛ ክፍል፣ ተረኛ እኔ። በደንብ ሳልተኛ ሁለተኛ ሌሊቴ ነበር። የጋወኔ የቀኝ ኪስ እንኳ ከመዶሻውና ከስክሪብቶው ብዛት ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

ሰባት ሰዓት ገደማ ሁለት ልጆች አንድ ወጣት በባጃጅ አምጥተው ጥለውልኝ ሄዱ። መንገድ ላይ ወድቆ ግንባሩ ተፈንክቷል። ሲቆም እግሩን አንፈራጦ ይወዛወዛል፤ ሲያወራ ምላሱ ይተሳሰራል።

«ጠጥተሃል?» አልኩት።

«ኧረ አልጠጣሁም።»

ሰካራም ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ግንባሩን ሰፋሁለት፣ ጉሉኮስ አስቀጠልኩለት፣ ካርዱ ላይ ጻፍኩ፦ ሰክሯል። ሲስተሯ ስታልፍ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ዶክተር፣ ምንም አይሸትም እኮ።»

«ቮድካ ይሆናላ» አልኳት። ይህን መልሴን ሳስታውሰው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

ጠዋት እናቱ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ ለብሰዋል። እጃቸው ላይ ፌስታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ፌኒቶይን የሚባል መድኃኒት። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለበት። ከሦስት ሳምንት በፊት ስለጣለው በቀን 300 ሚሊግራም የነበረው መድኃኒት 400 ተደርጎለታል።

«ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተው፣ ዶክተር። አሠሪው ጠጥተህ ነው የምትመጣው ብሎ አባረረው። ልጄ ጠላ እንኳ በአፉ አይዞርም።»

ሲኒየሩ ለራውንድ መጣ። «ጣቴን በዓይንህ ተከተል» አለው። ዓይኖቹ ጥግ ሲደርሱ ይርገበገባሉ። «አሁን አፍንጫህን ንካ።» ጣቱ አፍንጫውን ስቶ ጉንጩ ላይ አረፈ። ሲኒየሩ ካርዱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ፑርኪንዬ ሴል በሰከንድ ስንት ጊዜ ምልክት ይልካል?» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ተምሬዋለሁ እኮ፤ ለፈተና። ሴሬቤለም ከማጅራት በላይ ያለችው፣ እንቅስቃሴያችንን የምታስተካክለው ትንሿ የአንጎል ክፍል ናት። ፑርኪንዬ ሴሎች ያሉት እዚያ ነው። እነዚህ ሴሎች ማንም ሳይቀሰቅሳቸው፣ ዝም ብለን በተቀመጥንበት እንኳ፣ በየሰከንዱ ብዙ አሥር ምልክት ይልካሉ። እንዲህ የሚያሯሩጧቸው ሽፋናቸው ላይ ያሉት ቻናሎች ናቸው፤ በሮች በሏቸው። የሶዲየሙ በር ሲከፈት ምልክቱ ይነሳል፤ በሩ ወዲያው ራሱን ይቆልፋል። የፖታሲየሙ በር ተከፍቶ ሴሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ካልሲየም ሲገባ የሚከፈቱ ሌሎች የፖታሲየም በሮችም አሉ፤ እነሱ በምልክትና በምልክት መካከል ያለውን ፋታ ይጠብቃሉ። ፋታው ከተዛባ እጅም እግርም ልኩን ይስታል። በዘር የካልሲየሙ በር የተበላሸባቸው ሰዎች አሉ፤ ሳይጠጡ በየጊዜው የሚያንገዳግድ ሕመም ይነሳባቸዋል።

ፌኒቶይን የሚይዘው የተቆለፈውን የሶዲየም በር ነው፤ ቶሎ እንዳይፈታ ያደርገዋል። ረጋ ብሎ የሚሠራ ሴል ብዙም አይሰማውም። በጥድፊያ የሚሠራው ግን ይያዛል፤ የሚጥለውን በሽታ የሚገታውም በዚሁ ነው። መጠኑ ሲያልፍ ግን ድሮውንም ጥድፊያ ሥራዋ የሆነው ሴሬቤለም ትታወካለች። አልኮልም እሷን ስለሚያውክ ሁለቱ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ።

100 ሚሊግራም ይህን ሁሉ ያደርጋል ወይ? ያደርጋል። ጉበት ፌኒቶይንን የሚያስወግደው አንድ መስኮት ብቻ እንዳለው ቢሮ ነው። በቀን የሚያስተናግደው ልክ አለው። ከዚያ በላይ የመጣው ወደ ነገ ያድራል፤ የነገው ላይ ይጨመራል። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮታል።

መድኃኒቱን ለጊዜው አቆምንለት። በአራተኛው ቀን ግድግዳ ሳይዝ ሽንት ቤት ሄደ። ከዚያ ቀነስ አድርገን መልሰን ጀመርንለት። ካርዱ ላይ የጻፍኳትን ቃል ሰርዤ፣ ከጎኗ ፈረምኩ።

ከወር በኋላ ለቀጠሮ መጣ። አፍንጫህን ንካ አልኩት፤ ነካ። ጣቴን አልኩት፤ ነካ። ከዚያ ዓይኑ ጋወኔ ላይ ቀረ።

«ዶክተር፣ ይሄ ኪስ እስካሁን አልተሰፋም?»

ሳልመልስለት ከኮቱ ኮሌታ መርፌ መዘዘ። ከኪሱ ነጭ ክር አወጣ፣ ጫፉን በምራቁ አረጠበ፣ በአንድ ጊዜ አስገባው።