አንድ ጠመንጃ ለምን አይበቃም?

«ለአንድ ሰው ስንት ጠመንጃ ነው የሚያስፈልገው?» አደን የማይወዱ ወዳጆቼ መጠየቃቸው አይቀርም። አጭሩ መልሴ «የማድነው አንድ ዓይነት እንስሳ አይደለም» የሚል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በላይ ስለሚከነክነኝ ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

ጥንቸል ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ጎሽ ከ600 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። .22 ሎንግ ራይፍል ከሚባለው ትንሽ ጥይት ሲተኮስ የሚወጣው እርሳስ (ከቀለሃው ተለይቶ የሚበረው ጫፍ) 2.6 ግራም ገደማ ነው፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ ያለው ጉልበት በአብዛኛው ከ200 ጁል አያልፍም። ለጥንቸል በቂ ነው። በ1912 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የወጣው .375 ኤች ኤንድ ኤች የሚባለው ትልቅ ጥይት ደግሞ 19 ግራም ገደማ የሚሆን እርሳስ ይተኩሳል፤ ጉልበቱ ከ5,500 ጁል በላይ ነው። ይህን ጥንቸል ላይ የተኮሰ ሰው የሚበላ ሥጋ አይተርፈውም። በትንሹ .22 ጎሽ ላይ መተኮስ ግን ይብሳል። በደካማ ጥይት የተመታ እንስሳ እዚያው አይወድቅም። ጫካ ውስጥ ይገባል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት ስቃይ በኋላ ማንም ሳያየው ይሞታል። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ዞሮ ሰው ላይ ይመጣል።

ለኔ የካሊበር (የእርሳሱ ውፍረት) ጉዳይ ከሁሉ በፊት የእንስሳው ጉዳይ ነው። መግደል ካለብኝ ቶሎ መግደል አለብኝ። ሕግም ይህን ያያል። ለምሳሌ የጀርመን የአደን ሕግ ሮ ለሚባለው ትንሽ አጋዘን ጥይቱ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ቢያንስ 1,000 ጁል ጉልበት እንዲኖረው ያስገድዳል። እንደ ቀይ አጋዘንና ከርከሮ ላሉት ደግሞ ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር ካሊበርና 2,000 ጁል ይጠይቃል። ዓይኑን ጨፍኖ የወጣ ቁጥር አይደለም፤ ትክክል ነው እላለሁ።

ጥይቶችን ጎን ለጎን አቁሞ ማየት ደስ ይለኛል። .308 ዊንቸስተርንና .243 ዊንቸስተርን ጠረጴዛ ላይ አቁሟቸው። ቂጣቸው አንድ ነው፤ የቀለሃቸው ወገብም አንድ ነው። የሚለያዩት አንገት ላይ ሲደርሱ ነው። የ.243 አንገት ጠበብ ይላል፣ እርሳሱም ቀጭን ነው። በ1952 የወጣውን .308 አንገቱን አጥብበው ነው በ1955 .243ን የሠሩት። በዚያው ቀለሃ ቀለል ያለ እርሳስ ሲተኮስ ይፈጥናል፤ አካሄዱ ቀጥ ይላል፤ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ምትም ይቀንሳል። ለሚዳቋና ለመካከለኛ አጋዘን ግሩም ነው። ለትልቅና አጥንተ ወፍራም እንስሳ ግን ወደ ከባዱ እርሳስ እመለሳለሁ። .270 ዊንቸስተርም እንዲሁ በ1925 .30-06 ከሚባለው ጥይት ቤተሰብ የተወለደ ነው።

ቦታም ይወስናል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ እንስሳው የሚታየው በ50 ሜትር ነው፤ አጭርና ለመያዝ የሚመች ጠመንጃ ይሻላል። ተራራ ላይ ርቀቱ 300 ሜትር ሊሆን ይችላል። እዚያ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ጥይት ያስፈልጋል። ጠመንጃውም ቀለል ማለት አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወጣው ከሰውየው ጋር ነውና።

«ታዲያ ትልቁን ገዝቶ መገላገል ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ትልቅ ካሊበር ክፉኛ ይራገጣል። ትከሻው የተመታ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ቃታውን ሳይስብ ይሸማቀቃል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ይስታል። በሚፈራው ጠመንጃ ሆድ ከሚመታ ሰው በሚያምነው መካከለኛ ጠመንጃ ልብና ሳንባ የሚመታ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

እዚህ ላይ የስኮትላንዱ ዋልተር ቤል ስም መነሳቱ አይቀርም። ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖችን ገድሏል፤ አብዛኞቹን በትንሹ 7 ሚሊ ሜትር ማውዘር። «አያችሁ፣ ካሊበር ምንም አይደለም» ይላሉ። ቤል ግን የዝሆንን የራስ ቅል አሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና ሰው ነው። የሚጠቀመውም ሲገባ የማይፈርስ ጠንካራ እርሳስ ነበር። ይህን ሁሉ ትቶ ካሊበሩን ብቻ መጥቀስ አይገባኝም።

ያም ሆኖ ብዛት በራሱ ጌጥ አይደለም። ለትንሽ፣ ለመካከለኛና ለአደገኛ እንስሳ አንድ አንድ ቢኖር ለአብዛኛው አዳኝ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው ፍቅር ነው፤ ፍቅር ነው ብሎ ማመንም ነውር የለውም። አንድ ብቻ ያዝ ብባል .30-06ን እይዛለሁ። ከ1906 ጀምሮ አለ፤ ከ7 እስከ 14 ግራም እርሳስ ይተኩሳል። ከሚዳቋ እስከ ትልቅ አጋዘን አያሳፍርም።

ብዙ ጠመንጃ ያለው ሰው መቼም ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ነገር አለ፦ የጥይት መቀላቀል። የ.300 ብላክአውት ጥይት አፈሙዙ ለእሱ የሚጠብ .223 ጠመንጃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከተተኮሰ ጠመንጃው እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ለአደን ስወጣ አንድ ጠመንጃ ብቻ እይዛለሁ፤ ኪሴ የሚገባውም የእሱ ጥይት ብቻ ነው። ስመለስ ኪሴን ሙሉ በሙሉ አራግፋለሁ። ቂጡ ላይ የተቀረጸውን አንብቤ እያንዳንዱን ወደየሣጥኑ እመልሳለሁ፤ ሣጥኖቹም የሚቀመጡት ለየብቻ ነው።