"ያለፈውን ቀለብ ተይለት" አትበሏት

ወሎ ውስጥ ባልና ሚስት ሲለያዩ ነገሩ መጀመሪያ ሽማግሌ ጋ ነው የሚሄደው። ጥሩ ነው። ግን ውዝፍ ቀለብ፣ ማለትም ለልጅ ማሳደጊያ ሳይከፈል የቆየው ገንዘብ፣ ሲነሳ ሽማግሌዎቻችን ደግነታቸው ይበዛል፤ "አብሽሪ፣ ያለፈውን ተይለትና ከአሁን ወዲያ ይስጥሽ" ይላሉ። ቀለቡ እኮ የልጁ ነው። በልጅ ገንዘብ ደግ መሆን ምን የሚሉት ነው?

በቀደም ደሴ ዘመዶቻችንን ልናስታርቅ ተቀመጥን። ገና አቦሉ ሳይወርድ አባትየው "ጤፍ ልኬ የለም ወይ?" አለ። እናትየው ደብተሯን ዘረጋች። የከፈለበት ወር ላይ ምልክት አለ፣ ያልከፈለበት ባዶ ነው፣ ጤፉ ተጽፏል፣ ለአረፋ የገዛው ጫማ እንኳ አልቀረም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ጤፉ ይታሰብለት፣ ጫማው ግን ስጦታ ነው ተባለ። እኔም በዚህ እስማማለሁ (እሱ አኩርፏል)። የቀረውን ከፋፍሎ በባንክ ሊያስገባ ተስማማ። በባንክ የሆነው "በእጅ ሰጥቻለሁ"፣ "አልሰጠኸኝም" እንዳይመጣ ነው።

ዝም ብሎ መጠበቅ አደጋ አለው። ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ ያለ ደንብ ነው፦ መከፈል ካለበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ያልተቀበሉት ወይም ያልጠየቁት ቀለብ ሊቀር ይችላል፣ ለኑሮ የግድ የሚያስፈልግ መሆኑን ካላስረዱ በቀር። ስለዚህ ሽማግሌ "ትንሽ ታገሺ" እያለ ወራቱን ሲገፋ ተጎጂው ልጁ ነው።

ሌላው፣ ስምምነቱ በቃል አይቅር። ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይጽደቅ። ያኔ ባይከፍል እንደገና ከሀ ተብሎ ክስ አይጀመርም፣ የአፈጻጸም መዝገብ (የጸደቀው እንዲፈጸም የሚጠየቅበት) ይከፈታል። ደመወዝተኛ ከሆነም መሥሪያ ቤቱ ቆርጦ እንዲያስገባ ሊታዘዝ ይችላል። ሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚፈልጉም አሉ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ይቻላል፣ ግን ሁለቱም መፍቀድ አለባቸው።

አባትየው ሲወጣ "ልጄን ሳታሳየኝ ለምን እከፍላለሁ?" ብሎ አጉረመረመ። ልጁን የማየት ጥያቄ ካለው ለብቻው ያቅርበው፣ ልጁ እስከዚያ ድረስ ይበላል፣ ደብተርም ይገዛለታል። እሷም ብትሆን ብሩ ዘገየ ብላ ልጁን ከአባቱ መደበቅ የለባትም፤ ይህንንም ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ።