የሻንጣ አደራ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ!

እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ከዶሮው ሽታ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የሻንጣ ክምር ነው። ሲያትል በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ ወዳጄ ሻይ ሊጋብዘኝ ፓናማ ሆቴል ወሰደኝ። የሻይ ቤቱ ወለል ላይ መስታወት ተገጥሟል። ጎንበስ ብዬ ሳይ ምድር ቤቱ ውስጥ ሻንጣና ሣጥን ተደርድሯል። እ.ኤ.አ. በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸው የሰፈሩ ሰዎች አስቀምጠውት የሄዱት ነው።

ሆቴሉ በ1910 ሲሠራ አካባቢው ኒሆንማቺ፣ የጃፓኖች ሰፈር፣ ይባል ነበር። ለባቡር ሐዲድ፣ ለእንጨት መሰንጠቂያና ለዓሣ ፋብሪካ ሥራ የመጡ ሰዎች ቀስ በቀስ ሆቴልና ሱቅ ከፈቱ፤ አትክልት አምርተው ፓይክ ፕሌስ ገበያ ሸጡ። መነሻ ገንዘቡን ያገኙ የነበረው ከታኖሞሺ ነው። በየወሩ እኩል ያዋጣሉ፣ ተራ የደረሰው ጠቅልሎ ይወስዳል። ዕቁብ ማለት እኮ ነው! ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ እንባዬ መጣ። የአንድ አውራጃ ልጆችም ኬንጂንካይ የሚሉት ማኅበር ነበራቸው፤ በችግር ጊዜ የሚደራረሱበት።

የመጀመሪያው ትውልድ ዜግነት ማግኘት አይችልም ነበር። በ1921 የዋሺንግተን ስቴት መሬት እንዳይገዙ ከለከላቸው፤ በ1924 ከጃፓን የሚመጣበት በር ተዘጋ። በየካቲት 1942 ደግሞ፣ አሜሪካና ጃፓን ጦርነት ላይ ሳሉ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ 120,000 ያህል የጃፓን ዝርያ ያለው ሰው ከምዕራቡ ጠረፍ ተነቀለ፤ አብዛኛው እዚሁ አሜሪካ የተወለደ ነው። መያዝ የተፈቀደላቸው እጃቸው የቻለውን ብቻ ነበር። የሲያትሎቹ መጨረሻቸው አይዳሆ ምድረ በዳ፣ ሚኒዶካ ካምፕ ሆነ። የቀረ ዕቃቸውን ለሆቴሉ ባለቤት አደራ ሰጡት። እሱም የጃፓን ዝርያ ነበረውና አብሯቸው ታጎረ፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ሆቴሉ ተመለሰ። ዕቃው ጠበቃቸው፤ ብዙዎቹ ግን ሊወስዱት አልመጡም።

እነዚያ ሰዎች በካምፕ ውስጥ እንኳ ለአዲስ ዓመት ሩዝ በሙቀጫ ወቅጠው ሞቺ ይሠሩ ነበር። እኔ በዓል ሲደላ የሚከበር ይመስለኝ ነበር። አሁን በሽቦ ታጥሮ ሙቀጫ ያነሳ ሰው ባሰብኩ ቁጥር፣ ሥራ አለብኝ ብዬ በዓል ያለፍኩባቸው ዓመታት ይቆጩኛል።

ስመጣ እኔም ሻንጣዬን የማስቀምጥበት አልነበረኝም። ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው ስዞር፣ ስምንት ወር ሙሉ አንዲት እናት ምድር ቤታቸው ውስጥ አኖሩልኝ። የዚያን ዓመት እንቁጣጣሽ ዕለት ደወሉ። «ልጄ፣ ሻንጣህ ደህና ነው። አንተስ ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። አልበላሁም ነበር። ሄጄ እጃቸው ላይ በላሁ።

ዘንድሮ አዲስ የመጡ ልጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ዕቃ ማስቀመጫ የቸገረው ካለ ይደውልልኝ፤ ምድር ቤቴ ደረቅ ነው፣ ቦታም አለው። ለበዓሉም ኑ፤ ዶሮው ከቅዳሴ መልስ ይደርሳል።

መልካም አዲስ ዓመት!