የወሰድኩትን ስመልስ ያፈረስኩት

ይህን የምጽፈው፣ ከእኔ በፊት ያደረገው ሰው ጽፎልኝ ቢሆን ኖሮ አንዲት ሴት በሌሊት ከቤቷ ባልወጣች ነበር ብዬ ስለማምን ነው። የበደሉትን መመለስ የሚያስብ ነጋዴ፣ ጸሐፊ ወይም ደላላ ካለ ከመነሳቱ በፊት ያንብበው።

አሥራ አንድ ዓመት እህል ነግጃለሁ። ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ነው፤ በገበያ ቀን ወደ መንዝ እየወጣሁ ባቄላ፣ ገብስና ምስር እሰበስብ ነበር። መሐል ሜዳ በተከራየሁት መጋዘን ውስጥ አንድ ባስኩላ አለኝ። ማስተካከያ ብሎኗን በትንሹ ካዞሯት በኩንታል ሦስት ኪሎ ትበላለች። ገበሬው ከሌሊቱ ተነስቶ፣ በዚያ ብርድ አህያውን ነድቶ ነው የሚደርሰው፤ ሚዛኑን ቢጠረጥር እንኳ እህሉን መልሶ ጭኖ ወደ ቤቱ አይሄድም። ይህን አውቅ ነበር፤ የነገድኩትም በዚህ እውቀት ነው።

አንድ ቀን እናቴ ከተጉለት መጣች። ገብሷን ገበያ አውጥታ ሸጣ ነበር። «ቁና ቆጥሬ ነው የጫንኩት፤ ሰውየው ሚዛን ላይ ሲያወጣው አነሰብኝ» አለችኝ። ምሳ እየበላን ነበር። ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዐቢይ ጾም ሦስተኛው እሑድ፣ ምኩራብ ደረሰ፤ ጌታ ከቤተ መቅደስ ሻጮችንና ገንዘብ ለዋጮችን ያስወጣበት፣ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የሚነበብበት ሰንበት ነው። በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ግን ወንጌሉ እየተነበበ እኔ የእናቴን ቁና ነበር የማየው።

ንስሐ ገባሁ። የንስሐ አባቴ ስግደትና ጾም ቀኖና ሰጡኝ፤ የወሰድኩትን ገንዘብ ደግሞ እየታነጸ ላለው ቤተ ክርስቲያን እንድሰጥ ነገሩኝ። ሰጠሁ፤ ቆርቆሮ ተገዛበት። አባቴን አከብራቸዋለሁ፣ ዛሬም እጃቸውን እሳለማለሁ። በዚህ ነገር ግን ከእርሳቸው ጋር አልስማማም፤ እርሳቸውም ያውቁታል። ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 5 እንደሚለው የበደለ ሰው የበደለውን በሙሉ፣ አምስተኛ እጅ ጨምሮ፣ ለተበደለው ሰው ይመልሳል። ወደ ካህኑ የሚሄደው የሚቀበል ዘመድ ያልተገኘለት ብቻ ነው። የእኔ ገበሬዎች ግን በሕይወት አሉ፤ ስማቸውም በደብተሬ ተጽፏል። በመንዝ ሰው ባቄላ ቆርቆሮ ገዝቼ ለእግዚአብሔር ስሰጥ፣ የሰው በግ አርጄ ዝክር እንዳወጣሁ ነው የቆጠርኩት።

የሉቃስ ወንጌልን ምዕራፍ 19 ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩ። ዘኬዎስ የኢያሪኮ የቀራጮች አለቃ ነው፤ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ጌታን ለማየት ሾላ ላይ ወጣ። ሁላችንም በልጅነታችን የተማርነው እስከ ዛፉ ድረስ ነው። ለእኔ ያስፈለገኝ ግን ከዛፉ ከወረደ በኋላ የተናገረው ነበር፤ ካለው ሁሉ እኩሌታውን ለድሆች፣ የበደለውን ደግሞ አራት እጥፍ ለባለቤቱ። ሁለቱን ለያይቶ ነው የተናገረው። ምጽዋቱ ዕዳውን አልከፈለለትም።

የቀረው ሥራ አድካሚ እንጂ ከባድ አልነበረም። ብሎኗን አስተካክዬ አስበየድኳት። ከደብተሮቹ 214 ስም አወጣሁ። የጎደለውን ኪሎ በዛሬ ገበያ ዋጋ አሰብኩት፤ በዚያን ጊዜው ብር መመለስ ሁለተኛ ስርቆት ነው፣ በዚህ ማንም አያታልላችሁ። አይሱዙ መኪናዬን ሸጥኩ። ባለቤቴ አንድ ሌሊት ሙሉ አለቀሰችና በማግስቱ ደብተሩን ይዛ አብራኝ መደመር ጀመረች።

አብዛኛው ሰው በቀላሉ ተቀበለኝ። አንዱ ሽማግሌ «ሚዛንህን እናውቅ ነበር ልጄ፤ የሌላው ካንተ ይብስ ስለነበር ነው» አሉኝ፤ ከስድብ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። አንዱ ውሻ ለቀቀብኝ። የሞቱትን ድርሻ ለልጆቻቸው ሰጠሁ። ወደ ሸዋ ሮቢት የወረዱ ሦስት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ወርጄ አገኘኋቸው።

አሁን ወደ አንዲት ቀበሌ ልምጣ።

በዚያች ቀበሌ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩብኝ። መንደሮቹ የተራራቁ ናቸው፤ ስለዚህ ቤታቸውን እንዲያሳየኝ ብዬ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ይህ የመጀመሪያው ስሕተቴ ነው። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ጠረጠረኝ፤ ለምርጫ ነው? ለመሬት ነው? ለምን ገንዘብ ታድላለህ? ከወረዳ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። የሰረቅኩትን ለባለቤቱ ለመመለስ የምን ደብዳቤ ያስፈልጋል? ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ። በሰረቅኩበት ዘመን ሁሉ ማንም ደብዳቤ ጠይቆኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ይህ ነገር በየቤቱ ከሚሆን ለሌላውም ነጋዴ ትምህርት ቢሆን ይሻላል። ግንቦት 21 ማርያም ናት፤ ሕዝቡ ሁሉ ይመጣል። ከቅዳሴ በኋላ ደብተሩን እኔ አነባለሁ፤ እርስዎ ያስረክባሉ» አለኝ።

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። መመላለሱ አድክሞኝ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሌላም አለ። በሕዝብ ፊት ቆሞ በደሉን የተናገረውን ዘኬዎስን መሆን ፈለግኩ። ሰው ሲያየኝ ታየኝና ልቤ ሞቀ።

በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጽዱ ሥር ሕዝቡ ተቀመጠ፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ። ሊቀ መንበሩ ስለ ሙስና ረጅም ንግግር አደረገና ደብተሬን ገለጠ። ስም ይጠራል፣ እህሉን ይናገራል፣ ኪሎውን ያነባል፣ ሰውየው ይነሳል፣ እኔ እሰጣለሁ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ስምንት ሰው እንዲህ አለፈ።

ዘጠነኛዋ ሴት ናት። ስሟን ጠራ። «ባቄላ፣ ኀምሳ ኪሎ። ባቄላ፣ አርባ ስምንት ኪሎ። ባቄላ፣ ኀምሳ...» ከመስከረም እስከ ጥር ስድስት ጊዜ፣ ከነቀኑ። አላቋረጠም። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ መተያየት ጀመሩ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ከወንዶቹ መካከል በዱላው ተደግፎ የቆመ ሰው፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ «የማን ባቄላ?» አለ። ባሏ ነው።

ማንም አላጨበጨበም። ሊቀ መንበሩ ግን ነገሩ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት መቆም አልፈለገም። «አባወራው ይቀበሉ» አለ። ብሩን ለባልየው ዘረጋሁ። የሸጠችልኝ እሷ ናት፤ በደብተሬ የተጻፈው የእሷ ስም ነው፤ እኔ ግን ይህን አልተናገርኩም። «ለሷ ነው» የምለው አንድ ቃል ነበር፣ አፌ ውስጥ ነበር፣ ዋጥኩት። ቀሪዎቹ አሥር ስሞችም ተነበቡ።

ነገሩን በኋላ የነገሩኝ የአጥቢያው ቄስ ናቸው። ትልቋ ልጅ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማር ነበር። አባቷ ትምህርቱ ይብቃት ብሎ ነበር፤ እናቷ ግን የቤት ኪራዩን ወንድሜ ይከፍላል ብላው፣ ከጎተራው በጥቂት በጥቂቱ እየቀዳች ትሸጥ ነበር። ለእኔ። በእኔ ሚዛን። ያን ሌሊት ከወንድሟ ቤት አደረች። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተቀምጦ አልታረቁም። ልጅቱ የዓመቱን ፈተና ሳትፈተን ቀረች።

ወንድሟ ቤት ድረስ ሄጄ ነበር። እሷ አልወጣችም። ወንድሟ በር ላይ ቆሞ፣ «ለእህቴ የመጣ ብር ከሆነ ከዚህ በፊትም መጥቶ ነበር» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ደብረ ብርሃን ስመለስ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ለረጅም ጊዜ ቆመ። ወንጌሌን አወጣሁ። ዘኬዎስ በሕዝብ ፊት የተናገረው የራሱን ኃጢአት ነው፤ የበደላቸውን ሰዎች ስም አልጠራም፤ ከማን ስንት እንደወሰደ አላነበበም። አደባባይ ያወጣው ራሱን ብቻ ነው። ጌታም «ዛሬ መዳን ለዚህ ቤት ሆነ» አለው። በእኔ መመለስ የፈረሰውም ቤት ነው። ከዚያ ዮሐንስ ምዕራፍ 8ን ገለጥኩ፤ በምንዝር የተያዘችውን ሴት አምጥተው በመካከል ያቆሟት ሕግ አዋቂዎች ናቸው፣ ሁሉም ሲያያት ጌታ ጎንበስ ብሎ በምድር ላይ ይጽፍ ነበር። ያነጋገራት ከሳሾቿ አንድ በአንድ ከወጡ በኋላ ነው። ያን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼ ራሴን ድንጋይ ካነሱት ጋር ቆጥሬ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፤ ሌላ የሚላችሁ ሰው ሊኖር ይችላል። ቢሮ አትሂዱ። ቤቱን የሚያሳያችሁ እረኛ አይጠፋም። መጀመሪያ ለባለቤቱ፣ ባለቤት ሲጠፋ ብቻ ለቤተ ክርስቲያን። ብሩን በስልክ መላክ ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም፣ የተበደለ ሰው ፊታችሁን አይቶ መቆጣት መብቱ ነው። እህሉን የሸጠው ማን እንደሆነ ሳታውቁ ቤት አትግቡ። ሴት ከሆነች የምታምናትን ጎረቤት ልካችሁ በምን ቀንና በምን ቦታ መቀበል እንደምትፈልግ ጠይቋት፤ ወፍጮ ቤት ካለች ወፍጮ ቤት፣ ምንጭ ካለች ምንጭ። መቀበል ካልፈለገች ተዉ። ደብተራችሁንም ለማንም አትስጡ። በደሉ የእናንተ ቢሆንም ደብተሩ ውስጥ ያለው ሕይወት የሌላ ሰው ነው።

በሐምሌ ወደ ቤቷ መመለሷን ሰማሁ። የሷን ድርሻ እንደገና ቆጥሬ በፖስታ አሸግኩትና ለንስሐ አባቷ ልሰጥ ሄድኩ። እርሳቸውም «እስክትጠይቅህ ያዘው፤ አሁን ብትሰጣት ከየት መጣ የሚል አለ» አሉኝ። ይህን ምክር በመጋቢት ባገኘው ኖሮ።

ታኅሣሥ ላይ፣ የባቄላ ውቂያ ሲያልቅ፣ በገበያ ቀን መጋዘኔ በር ላይ አንዲት አህያ ቆመች። ልጅቱ ገመዱን ይዛለች፤ በጀርባዋ የደብተር ቦርሳ አለ። እናትየው አላየችኝም፤ ያየችው ባስኩላዋን ነው። ማዳበሪያውን ራሷ አወጣችው።

«ኀምሳ ሁለት» አልኩ።

ወደ ልጇ ዞረች። ልጅቱ ከመዳፏ ውስጥ የተጣጠፈች ወረቀት ገልጣ አየችና በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች። ወፍጮ ቤት አስመዝነውት ነበር የመጡት።

ደብተሬን ገለጥኩና ብዕሬን እንደያዝኩ፣ «በማን ስም ልጻፈው?» አልኳት።

«በእኔ ይጻፉት» አለች። «ጮክ ብለው ግን አያንብቡት።»