ዶሮውን አጠብሽው?

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዳላስ ወጣ ብሎ ያለ ትልቅ ሱፐርማርኬት፣ የበሰለ ምግብ የሚሸጥበት ክፍል፣ ከኋላ ያለው ኩሽና። ቀኑ ሰኞ ነበር። ሰኞ ደግሞ የቴክስ ሜክስ (የቴክሳስና የሜክሲኮ ድብልቅ አበሳሰል) የዶሮ ሰላጣ ቀን ነው። ለአራት ሰው የሚበቃ ተደርጎ ይታሸጋል፤ ሰዉ ከሥራ ሲወጣ ልጆቹ መኪና ውስጥ እየተነታረኩ ሮጦ ገብቶ አንስቶት ይሄዳል። የዚያ ቤት እራት አለቀ ማለት ነው። አመሻሽ ላይ መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ጉዳችን ይፈላል።

40 ፓውንድ ዶሮ ከነካርቶኑ ፊቴ አስቀመጡልኝ። ደረት ብቻ። እኔ የማውቃት ዶሮ 12 ብልት ያላት ናት፤ ያን ሁሉ ደረት አንድ ላይ ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት የቀረው አካሏ የት ሄደ የሚለውን ነው።

ከዚያ ዶሮ ሲሰጠኝ የማደርገውን አደረግኩ። ማጠቢያውን ሞላሁ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ ለሰላጣው ከተቀመጠው ሎሚ አምስት ስድስቱን ጨመቅኩ። ያደግኩት ደሴ ነው። እናቴ ለበዓል ዶሮ ስታጥብ ውሃው ካልጠራ ከቧንቧው ንቅንቅ አትልም። አንድ ጊዜ ሰባተኛው ላይ «ይበቃል እኮ» ብዬ እስከ ፋሲካ ማግስት ስሰደብ ከርሜአለሁ። ስለዚህ እያጠብኩ ያለሁት በኩራት ነው። አዩልኝ እያልኩ ጭምር።

ሼፉ መጣ። ሼፍ የምንለው አለቃችንን ነው፤ ዕድሜው ከመጀመሪያ ልጄ ብዙ አይበልጥም።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዶሮውን እያጠብኩ።»

«ለምን?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በሕይወቴ ተጠይቄ አላውቅም። ልብስ ለምን ትለብሻለሽ እንደማለት ነው። «ስለቆሸሸ» አልኩት።

«አልቆሸሸም። ንጹሕ ነው።»

«ንጹሕ ከሆነ ለምን በጓንት ትነካዋለህ?»

እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ከተናገርኳቸው ነገሮች ሁሉ የምኮራው በዚህች ነው። ስትወጣ እኔም ገረመኝ። ሜክሲኮ፣ ሞንቴሬይ የተወለደችው የሥራ ባልደረባዬ (ሁላችንም ሴኞራ ነው የምንላት) ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ሼፉ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከዚያ «ባክቴሪያ ስላለበት» አለ።

«እሱን ነዋ የማጥበው!»

እዚህ ላይ ድሉ የኔ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጣቱን ከቧንቧው አፍ አስነሳና ውሃው የተፈናጠረበትን እየተከተለ ሄደ። ከማጠቢያው ጠርዝ፣ ወደ ግድግዳው፣ ወደ መክተፊያው፣ ከዚያ ከጎን ባለው ማጠቢያ ውስጥ ታጥቦ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ የተቀመጠው የሰላጣ ቅጠል ላይ ደርሶ ጣቱን አቆመ። ሰላጣው ላይ ጠብታ ነበረ። አየሁት።

«ዶሮው እሳት ይገባል፣ 165 ሲደርስ ያለበት ሁሉ ይሞታል» አለኝ። 165 ያለው በፋራናይት ነው፣ በኛ 74 ገደማ። «ሰላጣው ግን እሳት አያይም። አንቺ ያጠብሽውን ነው ሰው ጥሬውን የሚበላው።»

ምን ይባላል? ልክ ነው። ነገሩ ልክ መሆኑ እዚያው ገብቶኛል። የሚያናድደው ልክ መሆኑ ነው። ሰላጣው በሙሉ ተጣለ፣ ማጠቢያዎቹ በሳሙና ታጥበው ፀረ ጀርም ተደረገባቸው፣ እኔም ሌላ ሰላጣ ልከትፍ ቆምኩ። እዚህ ላይ ቢያበቃ እረሳው ነበር። በማግስቱ ስገባ ግን ከማጠቢያው በላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ከቧንቧ ሥር የቆመች ዶሮ ተስላበት በቀይ መስመር ተሰርዛለች። ስሜ አልተጻፈም። ስምንት ሰው በሚሠራበት ኩሽና ማን እንደሆነች የማያውቅ ግን አልነበረም።

ነገሩን የሚያባብሰው ያው ሰውዬ በዚያው ቀን ጥቁር ቦሎቄ ከነቆርቆሮው ሰጥቶኝ «አደራ፣ በደንብ እጠቢው» ማለቱ ነው። ዶሮ አይታጠብም፣ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ቦሎቄ ይታጠባል። ለዚህም ምክንያት አለው፤ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ዝልግልግ ውሃ ጨውም ይበዛዋል፣ ሰላጣውንም ያጨቀየዋል። ለሁሉም ምክንያት አለው ይሄ ልጅ።

ለእውነት ከመሰከርኩ አይቀር፣ ወሬ ሲያወራ ጥሩ ሰው ነው። ዶሮው የሚታሽበትን ቺሊ ፓውደር መጀመሪያ ሳየው በርበሬ መስሎኝ በእጄ ዘግኜ ልጨምር ስል ያቆመኝ እሱ ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ በርበሬ ይመስላል እንጂ ከሙን፣ ኦሬጋኖና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ተቀላቅሎበታል። በ1890ዎቹ ኒው ብራውንፌልስ በምትባል የቴክሳስ ከተማ ጌብሃርት የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ እየፈጨ ይሸጠው እንደነበር የነገረኝም እሱ ነው። ደስ አለኝ። የቴክሳስን በርበሬ ገበያ ያወጣው ስደተኛ ከሆነ እኔም ተስፋ አለኝ ማለት ነው። ሴኞራ ግን በዚህ ሰላጣ ጉዳይ ወሬ አትፈልግም። ቢጫው አይብ ሲፈቀፈቅ በጣቷ ታሳየኝና «ሜክሲኮ፣ ኖ። ቴክሳስ» ትላለች። እኛ የፈረንጅ ሱቅ ውስጥ «የኢትዮጵያ ቅመም» ተብሎ የማናውቀው ነገር ስናይ እንደምንሆነው ነው የምትሆነው።

ወሩ ሳይሞላ ሐሙስ ማታ ሥራ በዛ። ሼፉ ለነገ ብሎ የጠበሰውን ዶሮ እንደጋለ ጥልቅ ፕላስቲክ ውስጥ ሞጀረው፣ ክዳኑን ገጠመ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ገፍትሮ ወደ ቤቱ። የበሰለ ሥጋ እንዲህ አይቀመጥም፤ ይህን ያስተማረኝ ራሱ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ይዘረጋል። በፋራናይት ከ135 ወደ 70 በሁለት ሰዓት ውስጥ መውረድ አለበት፣ ከዚያ ወደ 41 በአራት ሰዓት። ተከምሮ ከተከደነ ዳሩ ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ለብ እንዳለ ያድራል። ባክቴሪያ ደግሞ እንደ ለብታ የሚወደው ነገር የለም።

ጠዋት ቴርሞሜትሩን መሐሉ ላይ ሰካሁት። 61። ነቅዬ ጠርጌ ሌላ ቦታ ሰካሁት። ያው 61።

ሼፉ ገባ፣ ቁጥሩን አየ፣ «ማነው እንዲህ ያስቀመጠው?» አለ። የእውነት ረስቶት ነው ወይስ ለማስመሰል፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሴኞራ ጣሪያውን ማየት ጀመረች። እኔ የሙቀት መመዝገቢያውን ወረቀት አነሳሁና ፊርማው ያለበትን መስመር አሳየሁት። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። የሰለጠነ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል።

«ሼፍ» አልኩት፣ «ምናልባት ስላልታጠበ ይሆን?»

እንደማይሆን አውቃለሁ። ሰባት ጊዜ ቢታጠብም እንዲያ ተቀምጦ ካደረ ያው ነው። ግን ሴኞራ ከእንግሊዝኛዬ የሚገባት ጥቂት ሆኖ ሳለ ያቺ ገባቻት፣ ሳቋ መልሶ እኔን አሳቀኝ፣ እሱ ብቻ አልሳቀም። ያን ሁሉ ዶሮ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። እህል መጣል አንጀት ያሳርራል፤ ስገለብጥ ሳቄም ጠፋ። ስለዚያኛው ግን ግድግዳው ላይ ወረቀት አልተለጠፈም። የኔዋ ዶሮ ብቻዋን ከነቀይ መስመሯ እንደቆመች ቀረች።

አሁን ሰላጣውን ቤትም እሠራዋለሁ፣ ልጆቼ ለምደውት ማክሰኞ ማክሰኞ ይጠይቁኛል። ማታ ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ ከሰላሳ ደቂቃ አያልፍም። በቆሎውን ዘይት በሌለው መጥበሻ ጠቆር እስኪል አምሰዋለሁ። ቦሎቄውን አጥባለሁ (አዎ፣ አጥባለሁ)። ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ከልጆቹ ተደብቃ የምትገባ ትንሽ ሃላፔኞ፤ ቃሪያ ብትሆንም ያው ናት። ለማባያው እርጎ፣ ሎሚ፣ ከሙን፣ ቺሊ ፓውደር፣ የድንብላል ቅጠል። አቮካዶ መጨረሻ ላይ ይገባል፣ ሎሚ ካልነካው ይጠቁራል። የቶርቲያው (የሜክሲኮ ስስ ቂጣ) ጥብስ ደግሞ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ ነው የሚሰባበርበት፣ ቀድሞ ከገባ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል። ረቡዕ ከሆነ ዶሮውም እርጎውም ይቀርና ቦሎቄው ብቻውን ይወጣዋል።

ዶሮውን ግን ከሱቃችን ነው የምገዛው፤ እየተሽከረከረ የተጠበሰውን፣ ሙሉውን። አለመታጠቡን አውቃለሁ፣ ጠዋት ራሴ ነኝ እሳቱ ላይ የሰካሁት። ያለሐሳብ በጣቴ እየፈለቀቅኩ እጨምረዋለሁ። ለዶሮ ወጥ ሲሆን ግን፣ ምን ላድርግ፣ እጄ እሺ አይለኝም። አጥባለሁ፣ ከዚያ ማጠቢያውን በበረኪና ስፈገፍግ አመሻለሁ፣ ሰላጣም በዚያ ቀን ቤቴ አይገባም።

ባለፈው እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ማክሰኞ ማታ ወጥ ቤት ወንበር ስባ ተቀምጣ ስሠራ ታየኛለች። ዶሮውን ከፕላስቲኩ አውጥቼ ስፈለቅቅ አንገቷን አስግጋ አየችው።

«ዶሮውን አጠብሽው?»

«ታጥቧል፣ እማዬ።»

«ስንቴ?»

«ሰባቴ» አልኳት።